ማስተካከያ፦ 130 ሚሊዮን የቆጠራ ውጤት አይደለም

በማኅበራዊ ሚዲያ በስፋት የተጋራ ጽሑፍ «በመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ ኢትዮጵያ 130 ሚሊዮን ደርሳለች» ይላል። ይህ ስህተት ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው (ሶማሌና አፋር ክልሎች ኅዳር 2000 ላይ ተቆጠሩ)። ይፋዊ ሪፖርቱ የመዘገበው ወደ 73.8 ሚሊዮን ሕዝብና 2.6 በመቶ ዓመታዊ ዕድገት ነው። ቀጣዩን ቆጠራ ሁለቱ ምክር ቤቶች (የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን) በ2011 አራዝመውታል።

130 ሚሊዮን የሚለው የተባበሩት መንግሥታት ግምት ነው፤ የሚሰላውም ከወሊድ፣ ከሞትና ከፍልሰት መረጃ ነው። የራሳችን ስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ ከዚህ በብዙ ሚሊዮን ያንሳል።

ሕዝቡ በፍጥነት ማደጉ አያከራክርም። ነገር ግን የነፍስ ወከፍ ገቢም ሆነ የክትባት ሽፋን የሚሰላው በእነዚህ ግምቶች ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ የትኛው እንደተወሰደ ካልተገለጸ ንጽጽሩ ይዛባል። መፈናቀል የበዛባቸው ወረዳዎች ላይማ ችግሩ ይብሳል። ጽሑፉን ያጋራችሁ ምንጩን «የተባበሩት መንግሥታት ግምት» ብላችሁ አርሙት።