የድንኳኑ ቄጤማ ለምን ቆሼ ይሄዳል?

ጥር ገባ ማለት ሰርግ ገባ ማለት ነው። የገና ጾም ተፈቷል፣ እህሉም ገብቷል። እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ድረስ በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል፤ አዳራሽ ቢፈለግ አይገኝም። ደስ የሚል ወቅት ነው። እኔ ግን ማውራት የፈለግኩት ስለ ሰኞ ጠዋቱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ድንኳኑ ሲነቀል መሬት ላይ የሚቀረውን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የተረገጠ፣ የጠወለገ ቄጤማ። ውስጡ ሶፍት፣ የሃይላንድ ክዳን፣ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ስቴኪኒ፣ ወጥ የነካው እንጀራ፣ አጥንት፣ የቡና አተላ፣ የተረገጠ ፈንዲሻ። ከዚያ አንድ ሰው መጥረጊያ ይዞ ይመጣል። ሁሉንም አንድ ላይ ጠርጎ ማዳበሪያ ውስጥ ይከታል። ማዳበሪያው ወደ ገንዳ፣ ገንዳው ወደ መኪና፣ መኪናው ወደ ቆሼ። አለቀ።

ነገሩ የሚበላሸው እዚያች መጥረጊያ ላይ ነው። ከመጥረጊያው በፊት አብዛኛው ነገር ፈላጊ ነበረው። ሃይላንዱን ቆራሌው ይወስደዋል። እንጀራው ለበግና ለዶሮ ይሆናል። ቄጤማውና የቡናው አተላ ጥሩ ኮምፖስት፣ ማለትም ብስባሽ ማዳበሪያ፣ ይወጣቸዋል። አንድ ላይ ሲጠረጉ ግን አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል። ወጥ የተቀባ ፕላስቲክ ዋጋው ይወርዳል፤ ፕላስቲክ የተቀላቀለበት እንጀራ ለከብት አይሰጥም፤ ሶፍትና ክዳን የሞላበትን ቄጤማ ማንም አትክልቱ ሥር አያደርገውም።

ሳይቀላቀል ለፈላጊው ማድረስ እንደሚቻል ማረጋገጫ የሚፈልግ የጠላውን አተላ ይመልከት። ድግስ ባለበት ቤት አተላ ሲጣል ማን አየ? ከብት የሚያደልበው ሰው ጀሪካኑን ይዞ ከተፍ ይላል። አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ይሸጣል። ለምን? አተላው ከጋኑ ስለማይወጣና ከምንም ስለማይቀላቀል ነው። ፈላጊውም አስቀድሞ ይታወቃል። ስለ አካባቢ ጥበቃ ስልጠና የሰጠን የለም። መንገዱ ስላለ ብቻ ይሄዳል።

ቆሼን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ለአሥርት ዓመታት የከመረችበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ፣ ከክምሩ ላይ እየለቀሙ ይተዳደሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። ፋብሪካው የሚፈልገው የሚነድ ነገር ነው። የእኛ ከተማ ቆሻሻ ግን ከግማሽ በላዩ የምግብና የቅጠል እርጥብ ነገር ነው። የሽንኩርት ልጣጭ አንድዶ መብራት ማውጣት ቀላል አይደለም።

ሕግም አልጎደለንም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513 እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው ለይታችሁ አስቀምጡ ብሎ ነበር። ይህን ያለው ለእኔና ለእናንተ፣ ለቤት ባለቤቶች ነው። ስንቶቻችን ሰምተናል? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ ዐዋጅ አጽድቋል። ጥሩ ነው። የከተማው ወሬ ግን ፌስታል ላይ ብቻ ቀረ። በአንድ ድግስ በመቶ የሚቆጠር የፕላስቲክ ኩባያና ሳህን አንድ ጊዜ ተበልቶበት ሲጣል ነገሬ የሚለው የለም።

ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ለዚህ ጉዳይ አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ ፕሮጀክት፣ ባለቀለም የቆሻሻ መለያ ቅርጫት አያስፈልገንም ባይ ነኝ። እድር አለን።

እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ጆግ አለው። ዕቃ ሲወጣ ተቆጥሮ ነው፣ ሲገባም ተቆጥሮ ነው። የጎደለ ካለ ያስወጣው ሰው ይከፍላል። ጀርመን የምትኖሩ የገና ገበያ ላይ ለኩባያ መያዣ ከፍላችሁ፣ ኩባያውን ስትመልሱ ገንዘባችሁን የተቀበላችሁበትን አሠራር አስታውሱ። ፈረንጅ በመያዣ የሚያስመልሰውን እድራችን በመዝገብና በይሉኝታ ሲያስመልስ ኖሯል። በቅጣትም ጭምር፤ የእድር ቅጣት እንደሆነ ቀልድ አያውቅም። ታዲያ ይህን ሁሉ ዕቃ ንብረት ክፍል ውስጥ አቧራ እያለበስን ከሱቅ የሚጣል ሳህን በደርዘን የምንገዛው ለምንድን ነው?

መልሱን ከሴቶች ብትጠይቁ ቶሎ ታገኙታላችሁ። ሳህኑን የሚያጥበው ማነው? ለቅሶ ቤት ወንዱ ድንኳን ተክሎ ካርታውን ይዞ ይቀመጣል። ሴቶቹ ጓሮ ጎንበስ ብለው ሦስት መቶ ብርጭቆ ያጥባሉ። ያውም ውኃው በፈረቃ ነው፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን በምትመጣ ውኃ፣ በበርሜል እየተቀዳ። የሚጣል ኩባያ የመጣ ቀን እነዚያ እጆች ዐረፉ። ይህን ሳይነኩ «ፕላስቲክ ይቅር» ማለት ሥራውን መልሶ እነሱው ላይ መጫን ነው። በዚህ ጉዳይ የሚጻፉ ምክሮች አብዛኞቹ ይህን ነገር ዘለው ያልፉታል፤ እኔ ደግሞ እሱ ካልተፈታ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው እላለሁ።

መፍትሔው ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ለሚጣል ዕቃ የሚወጣው ብር ለአጣቢ ይከፈል። በየሰፈሩ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶችም ወንዶችም አሉ። እድሩ ሁለት ሦስት ሰው ቀጥሮ ያሳጥብ። የእድሩ አባል የሆኑ ወጣት ወንዶችም እጃቸውን ቢያረጥቡ የሚቀርባቸው ነገር የለም። ውኃውም የታሸገ መሆን የለበትም። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ አንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣችኋል። ሁለቴ ትጎነጫላችሁ። አግዳሚው ሥር ትተዉታላችሁ። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው የማን እንደሆነ ስለማያውቅ አይነካውም። ትልቁ የሃያ ሊትር ጃርና የእድሩ ብርጭቆ ቢቀርብ ውኃም ብርም ይተርፋል።

ስለ ምግቡ ደግሞ እንነጋገር። እኛ አገር የተረፈ ምግብ መጀመሪያ ወደ ሰው ነው የሚሄደው። ይህ የቆየና የሚከበር ነገር ነው። ሰርግ ቤት የተረፈው ለጎረቤት፣ ለየኔ ቢጤው፣ በቤተክርስቲያን ደጅ ላለው ይሰጣል። ቡሌ፣ ማለትም የምግብ ትርፍራፊ፣ እየሸጡና እየገዙ የሚኖሩም ብዙ ናቸው። እኔን የሚከነክነኝ አሰጣጡ ነው። ሰው ሳህን ላይ ቆይቶ የተረፈው፣ ድስት ውስጥ ሳይነካ የቀረው፣ ትናንት ያደረው ሁሉ በአንድ ፌስታል ይገለበጣል። ያልተነካው ማታውኑ፣ በዕቃ፣ ትኩስ እንዳለ ቢሰጥ ምን ይለዋል? የተነካው ለሰው አይሁን፤ ለዶሮ፣ ለበግ ይሁን። ንጹሑ እንጀራ ደግሞ ድርቆሽ ይሁን፤ ይህን ለአማርኛ አንባቢ አስተምራለሁ ብል ይታዘበኛል።

የቡፌው ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ሳህን እንደ ተራራ ተቆልሎ ግማሹ ሲመለስ አሳላፊው ምን ይበል? ባለሰርጉም «ጎደለበት» እንዳይባል ከሚበላው በላይ ያሠራል። እዚህ ላይ ብዙ ተስፋ የለኝም፤ ይሉኝታን የሚያሸንፍ ዐዋጅ አልተጻፈም።

ኮምፖስቱን በተመለከተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተሳሳተ ጫፍ ነው። የእንግዳ ትርፍራፊ ለኮምፖስት ምርጡ ነገር አይደለም። ጨው አለው፣ ቅቤና ዘይት አለው፣ አጥንት አለው፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። ምርጡ ያለው ከድግሱ በፊት ነው። ሴቶች ተሰብስበው ሽንኩርት ሲከትፉ አስቡት። በኩንታል ሽንኩርት ይላጣል፣ ጎመን ይቀነጠሳል፣ ካሮትና ድንች ይፋቃል። አንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን፣ ማንም ሳይነካው የሚወጣ ንጹሕ ነገር ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ከሥራቸው ዘርግቶ መቀበል ብቻ ይበቃል። በጾም ወራት የሚደረግ ድግስ ወይም ዝክር ከሆነ ደግሞ አጥንቱም ቅቤውም ስለሌለ የበለጠ ይቀላል።

ለዚህ ቄጤማው የግድ ያስፈልጋል። እርጥብ ልጣጭ ብቻውን ቢከመር ይሸታል። አየር ያጣል፣ ውኃ ያቆራል፣ ዝንብ ይወራዋል። በላዩ ደረቅ ነገር ሲገባበት ነው የሚስተካከለው። አንድ እጅ እርጥብ፣ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ። ድንኳን ውስጥ ተነጥፎ የዋለው ቄጤማ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ትክክለኛው ደረቅ ነገር ይወጣዋል። የቡናው አተላ ይጨመርበት። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደወጣ ጨርቅ ይሁን፤ በእጅ ሲጨበጥ ረጠብ ይበል እንጂ አይንጠባጠብ። በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጥ። ውስጡ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፤ አትደንግጡ፣ ሥራ ላይ ነው። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ አፈር አፈር ይሸታል።

ለገጠሩ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር የጀመሩት የኮምፖስት ሥራ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር የሚወዳደር፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት አሳይቷል። ከተማ ውስጥም ቢሆን ፈላጊው ሞልቷል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ጎመንና ቆስጣ የማይተክል ማን ቀረ? ችግኝ በየክረምቱ ይተከላል። እድሩ ከቀበሌ ወይም ከደብሩ ግቢ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ማግኘት የሚያቅተው አይመስለኝም።

የአደባባይ በዓላት ጉዳይ ግን ከሰፈር ድግስ ይለያል። እዚያ ባለቤቱ አይታወቅም። በጥምቀት ከታቦቱ ፊት መንገድ የሚጠርጉትንና ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች እናውቃቸዋለን። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የፒያሳ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር። ሜዳው በበሰበሰ አትክልት ተሞላ። የ2013ቱ ጥምቀት ሲቃረብ ወጣቱ አካፋ ይዞ ወጥቶ አጸዳው። ጉልበቱም ፍቅሩም እንዳለ ያኔ አይተናል። የሚቀረው ያ ጉልበት ከታቦቱ ኋላም እንዲሰለፍ ነው፤ አንዱ ቡድን ፕላስቲኩን፣ አንዱ ሸንኮራውንና የብርቱካን ልጣጩን። በታላቁ ሩጫም እንዲሁ ነው። እዚያ እንዲያውም ሥራው ይቀላል፤ ውኃ በሚታደልበት ቦታ የሚወድቀው ፕላስቲክ ምግብ አልነካውም።

ባለቀለም ቅርጫት ለምን እንደማልወድ ልንገራችሁ። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ ቅርጫት ይደረደራል፤ ፎቶ ይነሣል። ማታ ሦስቱም አንድ መኪና ላይ ይገለበጣሉ። ሰው ይህን አንዴ ካየ ሁለተኛ አይለይም፤ እውነቱን ነው። ሲያትል ያሉ ወገኖቻችን ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ የምግብ ትርፍ ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል አይፈቀድላቸውም። እዚያ የሚሠራው ግን የምግቡን ትርፍ ለብቻው የሚወስድ መኪናና የሚያበሰብስ ጣቢያ ስላለ ነው። እኛ ዘንድ መኪናው ስለሌለ መድረሻውን ራሳችን ማዘጋጀት አለብን። ቆራሌው ስልኩ ይያዝ፣ ሰዓት ይነገረው። ከብት አርቢው ይጠራ። ጉድጓዱ ቀድሞ ይቆፈር። ዕለቱን «ቅርጫት አምጡ» ማለት የሰርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው ነው።

ሌላው የሚረሳ ነገር፣ ከቅርጫቱ አጠገብ ሰው መቆም አለበት። ቅርጫት አይናገርም። አንድ ጎረምሳ ቆሞ «ጋሼ፣ አጥንቱን እዚህ፣ ሶፍቱን እዚያ» ቢል የተለጠፈ ጽሑፍ ከሚያደርገው በላይ ያደርጋል። ሰርግ ላይ ይህን ሥራ ለሚዜ አትስጡት፤ ልብሱን ያስባል። ቆርቆሮና ጠርሙስ ላይ ግን ማንም አይድከም፤ ቆርቆሮው ምናለሽ ተራ፣ ጠርሙሱ ወደ ፋብሪካው መንገዱን ያውቃል።

ቀጣዩ ወርኃዊ የእድር ስብሰባ ላይ ሁለት አጀንዳ ይያዝልኝ። አንደኛ፣ የእድሩ ሳህንና ብርጭቆ እያለ የሚጣል ዕቃ የገዛ አባል ይቀጣ፣ አጣቢም ከእድሩ ገንዘብ ይከፈል። ሁለተኛ፣ ድንኳኑ ከመጠረጉ በፊት ቄጤማው በእጅ ይሰብሰብ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሶፍቱ፣ ስቴኪኒው፣ የልጆች ዳይፐሩና የተቀባባው ፕላስቲክ ይቀራል። እሱን የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራቱ ጋሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ይውሰዱት፤ ከውኃ ሂሳብ ጋር የምንከፍለው ለዚያ ነው።