አሊ ማን? እስከ አያት ጻፉልን

ታዋቂ ሰዎችን በመጨረሻ ስማቸው የሚደረድሩ ዝርዝሮች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ለፈረንጅ ይሠራል፣ ስሙ ከዘር ወደ ዘር ስለሚወርድ። ወሎ ላይ ግን ሰው ያምታታል።

"አሊ"ን ውሰዱ። ደሴ ላይ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ቆማችሁ "መሐመድ አሊ!" ሲባል ሦስት ሰው ይነሳል፤ ካርድ አውጪዋ "መሐመድ አሊ ማን?" ትላለች፣ አንዱ የአያቱን ስም ሲጨምር ሌሎቹ ይቀመጣሉ። አለቀ። ታሪክ ስንጽፍ ይህችን ጥያቄ ለምን እንደምንዘላት አይገባኝም።

ሁለቱ ራስ አሊዎች፣ የዘመነ መሳፍንቶቹ የየጁ ገዢዎች፣ በብዙ ተማሪ ጭንቅላት አንድ ሰው ሆነዋል። አንዱ አሊ ጓንጉል ነው፣ የየጁን የበላይነት የጀመረው። ሌላው አሊ አሉላ ነው፣ የእቴጌ መነን ሊበን አመዴ ልጅ፣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ የተሸነፈው። የአባት ስማቸውን ብቻ ብንጨምር መምታታቱ በቀረ ነበር።

ከሁሉም የሚቆጨኝ የንጉሥ ሚካኤል ነገር ነው። የወረ ሂመኑው ኢማም አሊ ልጅ፣ መሐመድ አሊ ተብለው ነው ያደጉት። በ1870 ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኑ። ዓድዋ ዘመቱ፣ በ1906 ንጉሥ ተባሉ፣ በ1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ልጃቸው "ኢያሱ ሚካኤል" ተብሎ ይጻፍና እዚያ ይቆማል። አንድ ስም ቢጨመር እኮ ኢማሙ አያት ብቅ ይላሉ! በመጨረሻ ስም የሚደረድር ዝርዝር ደግሞ አባትየውን ከቦክሰኛው መሐመድ አሊ ጎን ያስቀምጥና ልጁን "ሚካኤል" ከሚባሉ የማይዛመዱት ሰዎች ጋር ይሰድደዋል። አባትና ልጅ ተለያዩ ማለት ነው።

ወሎ ውስጥ እኮ ተስፋዬ አሊም መሐመድ ታደሰም የጎረቤት ስም ነው። የአባት ስም ብቻ አይቶ የሰውን ሃይማኖትና ወገን የሚገምት፣ በተለይ በዚህ በከፋፈለን ጊዜ፣ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ጋዜጠኞችም፣ ውክፔዲያ ላይ የምትጽፉም፣ የወሎ ሰው ስትጽፉ እስከ አያት ድረስ ጻፉ፣ አገሩንም ጨምሩ፦ የጁ ነው፣ ወረ ሂመኑ ነው፣ ቃሉ ነው። ፊደል ተራ የግድ ከሆነ ደግሞ በራሱ በሰውየው ስም ደርድሩት፣ በአባቱ አይደለም።