እባካችሁ ፈገግታችሁን ቀንሱልኝ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ ተግባቢ ሆኖብኛል። ሲወለድ ጀምሮ ተግባቢ የሆነውን ማለቴ አይደለም። ከመጽሐፍ ያጠናውን ነው።

ዴል ካርኔጊ የሚባለው አሜሪካዊ፣ ወዳጅ ስለማፍራትና ሰውን ስለማሳመን ያን ዝነኛ መጽሐፉን ያሳተመው እንደ ፈረንጆቹ በ1936 ነው። ይኸው ዛሬም ድረስ በአማርኛ ሳይቀር ይነበባል። ሽያጭ አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሁሉ ከእሱ ይቀዳል። እኔ ከመጽሐፉ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ግማሹን አንብበው እኔ ላይ ከሚለማመዱት ጋር ነው።

ቤት ሻጮቹ ነፍሴን ሊያወጧት ነው። ስልኬን ከየት እንዳገኙት ፈጣሪ ይወቅ። ልጁ ገና "ሄሎ" ከማለቴ፣ ሳያውቀኝ አንቺ እያለ፣ ስሜን ይጠራል። "እንዴት ነሽ" ይልና ስሜን። "ትልቅ ዕድል ይዤልሽ መጥቻለሁ" ይልና ስሜን። ካሬውን ይነግረኝና አሁንም ስሜን። እናቴ ስትቆጣ እንኳ ይህን ያህል አትጠራኝም።

ሰው ስሙን ሲሰማ ደስ ይለዋል የሚለውን ምዕራፍ አንብቧል ማለት ነው። ታዲያ እዚያው ምዕራፍ ላይ ስለ ጂም ፋርሊ የተጻፈውን ለምን ዘለለው? የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የፍራንክሊን ሩዝቬልትን የምርጫ ዘመቻ የመራው ሰውዬ ነው። የ50,000 ሰው ስም በቃሉ ይይዛል ተብሎለታል። ግን ስም ብቻ አልነበረም የሚይዘው። የተዋወቀውን ሰው ስለ ቤተሰቡና ስለ ሥራው ጠይቆ፣ ከዓመት በኋላ ሲያገኘው ጓሮው ስላለው አበባ ሳይቀር ይጠይቀዋል። የኔው ደዋይ ግን "ኪራይ ቤት ነው ያለሁት፣ ደሞዜ ለቅድመ ክፍያ አይበቃም" ስለው "በጣም ጥሩ!" አለኝ። ምኑ ነው ጥሩው?

አለቃዬ ደግሞ ይብሳል። ከሥልጠና ከተመለሰ ወዲህ ጥርሱን መክደን አቅቶታል። ድሮ ሲቆጣ ቢያንስ የቆምንበትን እናውቅ ነበር። አሁን "ሪፖርትሽ ግሩም ነው፣ አቀራረብሽ ደስ ይላል፣ ግን..." ሆኗል። እኛም ነቅተናል። ማመስገን ሲጀምር አንገታችንን ቀብረን "ግን" እስክትመጣ መጠበቅ ነው። አንዷ ባልደረባዬማ "ዛሬ ሳያመሰግነኝ ዋለ፣ ተመስገን" ብላ ቡና ጋበዘችን። የሚገርመው፣ ተሻሽሎ የወጣው እትም ራሱ ይህችን "ግን" ተጠንቀቋት ይላል። ከምስጋና ኋላ ስትመጣ ምስጋናውን ውሸት ታስመስላለች ብሎ። ገጹ ተጣብቆበት ይሆን?

ካርኔጊ እኮ ምስጋናና ሽንገላን ለይቶ ነው የጻፈው። አንዱ ከልብ ይወጣል፣ ሌላው ከጥርስ፣ ይላል። ይህን ለማወቅ እሱ የተወለደበት አሜሪካ፣ ሚዙሪ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ጥርስ ባዳ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ሰውዬው የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። ሳሙናና የአሳማ ስብ እየዞረ ሸጧል። በ1912 ኒው ዮርክ ውስጥ ማታ ማታ ንግግር ማስተማር ጀመረ። ምክሩ ትንሽ የሻጭ ጠረን ቢኖረው አይፈረድበትም። ቢሆንም ከልብ ካልሆነ እንደማይሠራ፣ የብልጣብልጥ ዘዴ እያስተማረ እንዳልሆነ ደጋግሞ ጽፏል። እሱን ግን ማን ያስታውሰዋል? ፈገግታዋ ብቻ ተነቅላ ወጣች።

ስለ ማዳመጥ የተጻፈውም አለቃዬ ጋ ደርሷል መሰለኝ። ባለፈው የዓመት ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮው ገባሁ። ስልኩን ገለበጠ። ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። "እናቴን ላሳክም ነው" ስል፣ "እናትሽን ልታሳክሚ..." ይላል። "ከገጠር ነው የምትመጣው" ስል፣ "ከገጠር..." ይላል፣ ራሱን እየነቀነቀ። "ስሜትሽ ይገባኛል" ብሎ በር ድረስ ሸኘኝ። በሳምንቱ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ፣ ያው ፈገግታ እንዳለ፣ "ፈቃድ እንዴት ነበር? አረፍሽ?" አለኝ።

ቅጹ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው! ፈገግታው ይቅርብኝ። ይኮሳተር፣ ከፈለገም ይቆጣኝ። ብቻ ይፈርምልኝ፤ የእናቴ ቀጠሮ ሐሙስ ነው።