ወፍ የለም

የጎጃም ሰው፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይነካኛል፤ ግን ከእናንተ ልጀምር።

«ወፍ የለም» የምንላት ነገር አለች። ደመወዝ ገባ? ወፍ የለም። መብራት መጣ? ወፍ የለም። ኔትወርክስ? ወፍ የለም። እንደ ቀልድ የለመድናት ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ከከተማ ወጣ ብዬ ባሕር ዛፉ ሥር ስቆም ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ይቀራል።

ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነን ያቋቋምናት ትንሽ የወፍ ማኅበር አለችን። መሥራቾቹ ሁለት ሦስት መምህራን፣ አንድ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ፣ አንዲት ነርስና እኔ ነን። መኪና የለንም። ቢሯችን የአንዱ መምህር ሳሎን ነው። ሥራችን ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎችን ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን መሄድና ወፍ ማሳየት ነው። ስለ ወፎቹ አኗኗር እናስተምራለን፣ ልጆቹ በደብተራቸው ይጽፋሉ፣ ይሥላሉ፣ በቃ።

ባለፈው ሰሞን 22 ልጆች ይዘን ወጣን። ያለን ባይኖኩላር ሦስት ስለሆነ በተራ ነው የሚያዩት። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ተራው ደረሰና አንገቱ ላይ አጠለቅሁለት። ጽዱ ላይ ግንደ ቆርቁር ነበረች። ጭንቅላቷ ሲመላለስ ቅርፊቱ ወደ ታች ይረግፋል። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ረጅም ጊዜ አየ። ደስ አለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ፦

«ጋሼ፣ ከዚህ ሆኖ በድንጋይ ትመታለች?» አለኝ።

ኪሱን ሳይ የወንጭፉ ላስቲክ ብቅ ብሏል።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ማን አስተማረው? እኛ ነን። የገጠር ልጅ የነበረ ሁሉ ማማ ላይ ተቀምጦ ከማሽላና ከዳጉሳ ላይ ወፍ ሲያባርር አድጓል። እኔም አባርሬያለሁ። ያ ሥራ ነበር። ግሪሳ ወፍ ያረፈበትን ማሳ ያየ ሰው አይፈርድብንም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ አስፋልት ዳር የሚያድገው ልጃችሁ የማንን ማሽላ ነው የሚጠብቀው? ወንጭፉን ሲሠራ አይታችሁ «ጎበዝ፣ እጁ ብልህ ነው» ትላላችሁ። ወፏን ይዞ ሲመጣ ትስቃላችሁ። ስሟን አንዳችሁም አልነገራችሁትም። ምናልባት እናንተም አታውቋት ይሆናል።

ነገሩ የሚብሰው ክረምት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጅ ሥራ ፈቷል፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች ደግሞ ጎጆ የሚሠሩትና የሚፈለፍሉት በዚያው ሰሞን ነው። መስከረም ሲጠባ ታዲያ ስለ መስቀል ወፍ እንዘፍናለን። የመስቀል ወፍ የት ከርማ የምትመጣ ይመስላችኋል? የትም አልሄደችም። ወንዱ በጋውን ሙሉ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ አጠገባችሁ ሲለቅም ይከርማል። ክረምቱ ሲመጣ ልብሱን ይቀይራል፤ ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ ረጅም ጅራት አብቅሎ ይወጣል። ያኔ «መጣች» እንላለን። እሺ፣ ይህንንም ተዉት። የመስቀል ወፍ እንቁላሏን አትታቀፍም። በሌሎች ትንንሽ ወፎች ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፣ እነሱ ያሳድጉላታል። ልጃችሁ ሐምሌ ላይ ያፈረሰው ያ የማይረባ የሚመስል ጎጆ የመስቀል ወፍ የምታድግበት ቤት ሊሆን ይችላል።

ጉጉትን ላንሳ። ባለፈው ዓመት በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ታመመ። በዚያው ሰሞን ማታ ማታ ጉጉት ትጮህ ነበርና ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ከአንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር ከነጫጩቶቿ አውጥተው ገደሏት። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ አንቱ የምላቸው። ሰውየውስ? ስኳር ነበረበት። መድኃኒቱን ጀመረና ተነሣ። ዘንድሮ እነዚያው ጎረቤቶቼ «ጎተራችንን አይጥ ፈጀው» እያሉ ገበያ ወርደው የአይጥ መርዝ ይገዛሉ።

ከዚያ ጣሪያ ሥር ያገኘሁትን ነገር በጋዜጣ ጠቅልዬ ለልጆቹ ወስጄላቸው ነበር። ጉጉት አይጥን ሳትቆራርጥ ትውጣለች። ሥጋው ይፈጫል፣ ጠጉሩና አጥንቱ ግን ተድበልብሎ በአፏ ተመልሶ ይወጣል። አውራ ጣት የሚያህል ደረቅ ግራጫ ድብልብል ነው፤ አይሸትም። ልጆቹ በስንጥር ፈታቱት። አንዲት ልጅ ከአንዱ ብቻ ሦስት የራስ ቅል አወጣች። የፊት ጥርሶቹ ብርቱካንማ ሆነው እንደተተከሉ ናቸው። ደብተሯ ላይ ደረደረቻቸውና «እነዚህን ሁሉ አንድ ጊዜ ነው የበላችው?» አለች። እንግዲህ ሟርተኛ ብለን የገደልናት ጉጉት ሌሊት ሌሊት ስትሠራልን የነበረው ይህንን ነው፤ ያውም በነጻ።

ጥንብ አንሳስ? ስሟ ስድባችን ነው። ቄራ ደጃፍ የምትንጎራደደዋን ትንሿን ጥንብ አንሳ እንደ ቆሻሻ ነው የምናያት። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ እንደሆነች ስነግራችሁ «የእኛዋ?» ትላላችሁ። አዎ፣ የእኛዋ። በአንድ ከተማ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዙ ተብሎ መርዝ የተለወሰ ሥጋ ተጣለ። ውሾቹ ሞቱ። ሬሳቸውን ቶሎ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ጥንብ አንሳዎቹ እንደ ልማዳቸው ሊያጸዱ ወረዱ። በማግስቱ በቦዩ ዳር ክንፋቸውን ዘርግተው ተኝተው አየሁ። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።

የሕንድን ነገር ስሙ። ለወገብ ሕመም የምንውጠው ዳይክሎፌናክ አለ አይደል? እዚያ ለከብት ይሰጡት ነበር። መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት፣ ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ እየተበላሸ ይሞታል። በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሦስት የጥንብ አንሳ ዓይነቶች ከ100 ከ90 በላይ አለቁ። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ በ2006 ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት መስጠት ከለከለች። እስከዚያ ግን ጥንቡ ለውሻ ተርፎ ውሻው በዛ። እኛ ውሻ ለመቀነስ ብለን ጥንብ አንሳ እንገድላለን፤ ብልሃታችሁ ይህ ነው።

«ወፍ ዘራሽ» ስትሉም እሰማለሁ፤ አባቱ ያልታወቀ ለማለት። ሂዱና ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን እዩ፤ የቅኔ ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ከሚጠለልበት ዛፍ ስንቱ ወፍ የዘራው ነው? ወይራው፣ ጽዱ፣ ፍሬው ተበልቶ ዘሩ በወፍ ሆድ ተጉዞ ነው የሚበቅለው። የእኔ አጥር ሥር ሳልተክላት የበቀለች ወይራ አለች። በክረምት ዘመቻ የተከልኳቸው አራት ችግኞች ደረቁ፣ እሷ አልሞተችም። አገሩ ታርሶና ባሕር ዛፍ ሆኖ ካለቀ በኋላ አገር በቀል ዛፍ የቀረልን በየደብሩ ዙሪያ ነው። ባሕር ዛፍ አትትከሉ አልልም፣ የእኔም ቤት ጣሪያ ባሕር ዛፍ ነው። ግን ወፉ ከሌለ የደብሩን ደን ማን ወደ ውጭ ያወጣዋል?

አንዳንዱ «ይኼ የፈረንጅ ሥራ ነው» ይለኛል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ይህን ከሚሉኝ ከአብዛኞቹ ዕድሜ ይበልጣል። ፈረንጁስ ቢሆን ምን አለው? በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆ ካልሆነ በዓለም የትም የማትገኝ ቆቅ አለች፤ የሃርውድ ቆቅ ይሏታል። እሷን ሊያይ ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣል። እኛ ቆቅ ስናይ ድስት ነው የሚታየን። ሸመላም ከአውሮፓ ድረስ መጥታ አንበጣና ተምች ስትለቅምልን ትከርማለች። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ጨፍረናል። ዳር ዳሩን ረግረጉን እያጠነፈፍን የምናርሰውም እኛው ነን።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሌላው ነው። «ሰው በሚሞትበት ዘመን ስለ ወፍ ታወራለህ?» የሚለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም ቀብር ውዬ የመጣሁበት ሳምንት አለ። መልስ አጥቼ ዝም ያልኩበት ጊዜ ይበዛል። ግን ልጆቹ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ከወፍ ድምፅ በቀር ሌላ ድምፅ ሳይሰሙ ሲውሉ አይቻለሁ። ይህን አትከልክሏቸው።

ወደ መዋጮው ልምጣ፤ እንደምትጠብቁት አውቃለሁ። ዕድር ቢዘገይ ቅጣት አለ ብላችሁ ትሮጣላችሁ። የጽዋ ማኅበር ተራችሁን አትዘነጉም። ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ «እኔም አባል ነኝ» ያላችሁት 31 ሰዎች ግን በወር 20 ብሩን የከፈላችሁት አንድ ጊዜ ነው። አንድ ቡና ከነፈንዲሻው ነው እኮ። ስማችሁን አልጠራም፣ መዝገቡ ግን እኔ ጋ ነው።

ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል፣ በቤተ ክርስቲያኑ የታችኛው በር። ልጆቻችሁን ላኩ። ወንጭፍ ያለውም ይምጣ፣ አትንጠቁት። ያ ልጅ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ መጥቷል። ወንጭፉ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው፤ አልጠየቅሁትም። የተጣላነው በሌላ ነው፦ ባይኖኩላሩን አንዴ ከያዘ ለሌላው ልጅ አይለቅም። አራተኛ ባይኖኩላር ያለው ሰው ካለ ይላክልን።