አፉን እስኪፈታ

ልጁ ቡና ሲወቀጥ ዞር ይላል። ስለዚህ ይሰማል ተባለ።

ባለፈው ክረምት ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ አክስቴ ቤት ሰነበትኩ። የልጅ ልጇ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ «እማ» እንኳን አይልም። «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» አለችኝ። ጎረቤቷ ደግሞ «እቤት አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ፤ ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው» አሉ። ይኼኛው አልተዋጠልኝም። የጅማ ልጅ ድሮም ሁለት ሦስት ቋንቋ እየቀላቀለ ነው የሚያድገው። ሁለት ቋንቋ መስማት የልጅን አፍ አይዘጋም።

ሙቀጫው ሲመታ እውነትም ዞረ። ግን መሬት ላይ ነበር የተቀመጠው። ምቱ በወለሉ በኩል ሰውነቱ ላይ ይደርሳል። ቆይቼ አልጋ ላይ ሲጫወት ከጀርባው ሆኜ ትሪ መታሁ። ዝም። ስሙን ጠራሁ። ዝም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ልጄ በተወለደች በማግስቱ፣ እንቅልፍ ላይ እያለች፣ ነርሷ ጆሮዋ ውስጥ ትንሽ ነገር ሰክታ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀች። ጤነኛ ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው እሱም በጣም ስስ ድምፅ ይመልሳል፤ መሣሪያው የሚያዳምጠው ያንን ነው። እዚያ እስከ 1 ወር ምርመራ፣ እስከ 3 ወር ችግሩን መለየት፣ እስከ 6 ወር እርዳታ መጀመር ነው መመሪያው። አእምሮ ቋንቋን አጥብቆ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ ነው ጥድፊያው። ድምፅ በሚያጎላ የጆሮ ማዳመጫም ይሁን በምልክት ቋንቋ፣ ልጁ ቶሎ ቋንቋ ማግኘት አለበት። እኛ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አፉን ስንጠብቅ ጆሮውን ያየለት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ገደማው መከላከል የሚቻል ነው። ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትር፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግል። እዚያው ሰፈር ጆሮው የሚፈስ ሕፃን ዘይት ሲንጠባጠብበት አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ዘይቱ ይቅር። ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ግን አሜሪካ አላየሁም። እኔ ያለሁበት ሕንፃ ውስጥ ከጆሮው ጀርባ ማዳመጫ ያደረገ ልጅ አለ። ሁሉ ነገር ተሟልቶለታል፤ ሁልጊዜ የማየው ግን ብቻውን ሲጫወት ነው። የሂርማታ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው ለአክስቴ የልጅ ልጅ ምልክት ፈጥረውለታል። ኳስ፣ ውሃ፣ «ና»። ለስሙም ጉንጫቸውን ይነካሉ፤ ስርጉድ አለው። ፍቅራቸው ልቤን ነካው። ለትምህርት ቤት የሚያበቃ ቋንቋ ግን አይደለም፤ እሱን የሚያስተምረው ያስፈልገዋል።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። አክስቴ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ ሰዓት አልተናገረችም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ስጠራው ሲዘጋኝ ልበ ደንዳና ነው እያልኩ ቆንጥጬዋለሁ እኮ» አለችኝ።