ወሎ ጌጥ መሥራት አያውቅም ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ የማዕድን ዘርፍ ኃላፊ በሬዲዮ ቀርበው የወሎዋ ደላንታ የከበረ ድንጋይ፣ ኦፓል፣ ለምን በጥሬው ከአገር እንደሚወጣ ተጠየቁ። ብዙ ምክንያት ደረደሩ፤ መጨረሻ ላይ ግን «አካባቢው የጌጣጌጥ ሙያ ልምድ የለውም» አሉ። ሌላውን ሁሉ ትቼ እዚህች ላይ እቆማለሁ፤ ያንገበገበችኝ እሷ ናትና።

ወሎ ልምድ የለውም? የእናቶቻችን ድሪ፣ አልቦ፣ ወለባና ጉትቻ ከሰማይ ወረደ? የተሠራው ከጠገራ ብር ነው። ጠገራው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት፣ እሷ ከሞተች በኋላም 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ሲመታ የኖረ ገንዘብ ነው። አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ይህ ገንዘብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሲራራ ነጋዴ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ብር ሠሪያችን ተቀብሎ በወናፍ አናፍቶ ያቀልጠዋል፣ እንደ ክር ይስበዋል፣ ፍሬ ፍሬውን አድቦልቡሎ ይበይደዋል። ያለ ማሽን፣ ያለ መብራት! ጥሬ ዕቃው የቪየና፣ እጁ የወሎ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ጥሬ ዕቃው የወሎ፣ እጁ የሕንዷ ጃይፑር ሆኗል። ጃይፑር ኦፓል አይቆፈርባትም። የቤልጅየሟ አንትወርፕም አልማዝ አይወጣባትም። ሁለቱን ያበለጸጋቸው ከሰው አገር የመጣውን ጥሬ ዕቃ ጌጥ የሚያደርግ እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ እኛ ዘንድ ነበረ፣ አለም። የተጠራጠረ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ይይ።

ሙያው ተዳክሟል ቢሉ እሰማቸው ነበር። ያዳከምነውም እኛው ነን፤ አንጥረኛውን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም አንድ ባለሥልጣን ያንኑ ባለሙያ በሬዲዮ የለም ይለዋል። ከስድቡ የባሰ ይኸኛው ነው።

«ድንጋዩ ውሃ ይጠጣል፣ ገዢ ይፈራዋል» የሚል ነገርም ጣል አድርገዋል። ውሃ መጠጣቱ እውነት ነው፤ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ግን ይመለሳል። ይህ የወሎ ኦፓል ጠባዩ ነው። የሚፈራ ቢሆን ኖሮ በ2000 ዓ.ም. በደላንታዋ ወገልጤና ከተገኘ ወዲህ የዓለም ጌጥ ነጋዴ «የወሎ ኦፓል» እያለ በስሙ አይጠራውም ነበር። ስማችን በየመስኮቱ ተሰቅሎ ገንዘቡ ሌላ ቤት ይገባል።

ቦትስዋናን ያየ ሰው እንዲህ አይናገርም። አልማዛቸው ለንደን ይለይና ይሸጥ ነበር። አንገታቸውን አልደፉም፤ ተደራደሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የአልማዝ ኩባንያው ዲ ቢርስ ዋና ሽያጩን ወደ ዋና ከተማቸው ጋቦሮኔ አመጣ።

የደላንታ ልጅ ገደል ወገብ ላይ ቀዳዳ ፈልፍሎ፣ አፈሩ እላዩ ይናድብኛል እያለ ነው ድንጋዩን የሚያወጣው። ለእሱ መቁረጫ ማሽንና የማይቋረጥ መብራት፣ ለባቲና ለደሴ ብር ሠሪ ድንጋዩን ፈርጥ አድርጎ የሚሠራበት ብድር ስጧቸው። ልምድ አለው የለውም የሚለውን ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን።