በኮምቦልቻ በኩል የተዘረጋው ሐዲድ መንገደኛ አያሳፍርም
መኪና ሳይገዙ በብስክሌትና በባቡር መኖር ይቻላል በሚለው ሐሳብ እኔም እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ከደሴ ኮምቦልቻ በብስክሌት ወርዶ፣ ከዚያ በባቡር አዲስ አበባ መግባት ይቻላል» እየተባለ የሚደጋገመው ስህተት ስለሆነ በአክብሮት ላርመው። የስህተቱ ምንጭ ሐዲዱ ራሱ ይመስለኛል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ እንዲዘልቅ የታቀደው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ ሐዲዱንና የኤሌክትሪክ ምሰሶውን ያየ ሰው ባቡሩም የሚመላለስ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሆኖም መስመሩ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት አልጀመረም። መንገደኛ የሚያመላልሰው ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ነው፤ እርሱም በአዳማና በአዋሽ አልፎ ወደ ድሬዳዋ ያቀናል እንጂ ወሎን አይነካም። ማረጋገጥ የሚሻ ሰው በፉሪ ለቡ ጣቢያ የትኬት መስኮት የመዳረሻዎቹን ዝርዝር ይጠይቅ።

ወሬውን አምኖ የወጣ መንገደኛ የማለዳው አውቶቡስ ያመልጠዋል፤ ይባስ ብሎም ሲንደረደር የወረደውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ብስክሌቱን እየገፋ ሽቅብ ይመለሳል፤ የዚያን ዳገት ነገር ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ የሞከረ ያውቀዋል።